የተገዘቱት ሠላሳ ዘጠኝ ችግኞች

ነገሩ ሁሉ የመጣው በእኔ በግ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሐቀኛ ስለሆንኩ አይደለም፤ እኔ ባልናገረው ባለቤቴ ትርሲት ስለምትናገረው ነው። እሷ ስታወራው ደግሞ አንዱ በግ መንጋ ይሆናል።

ስሜ ወዳጆ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ ሲሄዱ ነፋስ በር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዋናው መንገድ ዳር፣ በቤቴ በረንዳ ላይ፣ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ሃያ ዓመት ሰፍቻለሁ። ለከተማችን ስም ያወጣላት ሰው አልዋሸም። ነፋሱ ከጓሳው ሜዳ ተነስቶ እኛ ጋ እስኪደርስ የሚያቆመው ነገር የለም። ሻሽ ይወስዳል፣ ቆርቆሮ ይወስዳል፤ አንድ ጊዜ ለሙሽራ የቆረጥኩትን ሱሪ አንዱን እግር ወስዶብኝ ሙሽራው ሠርጉን በአጎቱ ሱሪ አሳልፏል። ዛፍ ለማየት ቤተ ክርስቲያን መሄድ ነበረብን። በቅጥሩ ውስጥ ጥዱ፣ ወይራውና ኮሶው ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። ከቅጥሩ ውጭ ግን እኛና ነፋሱ ብቻ ነን።

ማዘጋጃ ቤቱ በየክረምቱ ችግኝ ያስተክል ነበር። ሐምሌ ሲገባ ሠራተኛው፣ ተማሪውና ነጋዴው ይወጣል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሳል። ጥር ላይ ውርጩና በጉ ተካፍለው ይጨርሱታል። በሚቀጥለው ሐምሌ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ደግመን እንተክላለን። ጉድጓድ የመቆፈር ችግር እንኳ አልነበረብንም።

የማዘጋጃ ቤቱ የችግኝ ሠራተኛ ጌታነሽ ትባላለች። አጠር ያለች፣ ቀልጠፍ ያለች፣ ቀልድ የማይገባት ሴት ናት። ቀልድ አይገባትም እንጂ ቀልዱ ሁሉ በእሷ ላይ ነበር። ስምንት ዓመት የተከለችው ሁሉ ስለደረቀባት ከተማው “ቀባሪዋ” የሚል ስም አወጣላት። ጥር በገባ ቁጥር አንዱ ከበረንዳው ሆኖ፣ “ጌታነሽ፣ የዘንድሮዎቹ ተዝካር መቼ ነው?” ይላታል። ያ አንዱ ብዙውን ጊዜ እኔ ነበርኩ።

በመጨረሻ ከሩቅ በመኪና ተጭኖ የሚመጣውን ችግኝ ተወችና ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ሥር ፍሬ ለቀመች። “እዚህ አገር የኖረ የዚህን አገር ብርድ ያውቃል” አለች። በጓሮዋ ሦስት ዓመት አሳደገችው። ሚሌኒየሙ ሊከበር ሲል፣ ሐምሌ ላይ፣ አርባ ችግኝ በዋናው መንገድ ዳር በአንድ መስመር ተከለች፤ ከላይ ከውሃ ቦኖው ጀምሮ፣ መንገዱ ወደ ታች እስከሚወርድበት እስከ እኔ በረንዳ ፊት ለፊት ድረስ። ዙሪያውን በእንጨት አጠረችው። ለውርጩ ደግሞ ለእያንዳንዳቸው የጓሳ ሣር ባርኔጣ ሠርታ በአራት ችካል ላይ አቆመችላቸው። አርባ አጫጭር መነኮሳት መንገድ ዳር የተሰለፉ ይመስሉ ነበር። ስቀን ስቀን ደከመን። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ሁለት ጀሪካን ተሸክማ እየተመላለሰች አጠጣቻቸው፤ የመጀመሪያውን በጋም አለፉ። አርባውም! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እንዲህ ያለ ነገር ነፋስ በር ውስጥ ታይቶ ስለማይታወቅ ቀልዳችን ቀዘቀዘ።

ታዲያ በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ ሌላ ወሬ መጣ። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ አቶ አፈወርቅ ያንን የመንገድ ዳር ለጥቃቅንና አነስተኛ ሱቆች ሊሰጠው አሰበ። አቶ አፈወርቅ ክፉ ሰው አልነበረም። በየግምገማው “ሱቆቹ የታሉ?” እያሉ የሚያፋጥጡት አለቆች ነበሩበት። በስብሰባ ላይ ተነስቶ ለጌታነሽ እንዲህ አላት፦ “እስከ ጥምቀት ማግስት እንታገሣለን። ያን ቀን ሄደን እናያለን። ለምልመው ከተገኙ ቦታው የእነሱ ነው። ከደረቁ ግን ለደረቀ እንጨት ብለን ልማት አናቆምም።”

ሱቅ ለማግኘት ከተመዘገቡት አንዱ እኔ ነበርኩ። ጌታነሽ ይህን እያወቀች ከስብሰባው ስንወጣ ጠጋ አለችኝና፣ “ወዳጆ፣ እነዚህ ይትረፉልኝ እንጂ ሌላ ነገር አልለምንም። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተከልኩት ነገር ከእኔ ሲበልጥ ልየው” አለችኝ። ሳቅኩባት። እሷን ለመብለጥ ብዙ ማደግ እንደማያስፈልግም ነገርኳት። ያን ቀን መሳቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አሁን ወደ በጉ ልምጣ። ለገና ብዬ የገዛሁት ሙክት ነበር፤ በረንዳው ምሰሶ ላይ አስሬዋለሁ። የኅዳር ጽዮን ማግስት ገበያ ነበርና ሰው ሲበዛብኝ፣ ልኬት ስይዝ፣ ሙክቱ ገመዱን በጥሶ መንገዱን ተሻገረ። ቀና ስል ከአጥሩ ውስጥ ነው። የመጨረሻዋን ችግኝ፣ ከበረንዳዬ ፊት ለፊት ያለችውን ወይራ፣ ከነቀንበጧ ጨርሶ ባርኔጣዋን ደግሞ ማኘክ ጀምሯል። ጌታነሽ ከላይ እየጮኸች መጣች። ሰው ተሰበሰበ። በጉ በምን በኩል እንደገባ ሲታይ የአጥሩ እንጨት እዚህም እዚያም ጎድሏል፤ ለካ ከመካከላችን ማታ ማታ እየነቀለ የሚያነድ አለ። ሁሉም ሌላውን አየ።

በዚያች ሰዓት መምሬ መርስዔ ኃዘን ደረሱ። መምሬ የጌታነሽ የንስሐ አባት ናቸው፤ ፍሬውን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እንድትለቅም የፈቀዱላትም፣ ሲተከል የባረኩላትም እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል። ቁጣቸው እንደ ክረምት በረዶ ነው፤ በኃይል ይወርድና ወዲያው ይቀልጣል። ችግሩ ሲወርድ ከሥሩ የተገኘ ሰው ነው። የተበላችውን ወይራ አዩ፣ የጎደለውን አጥር አዩ፣ ፊታቸው ቀላ። የኔን በርጩማ ስበው ወጡበትና መቋሚያቸውን አነሱ።

“ይህ የቤተ ክርስቲያን ዘር ነው!” አሉ። “ከዛሬ ጀምሮ ከነዚህ ችግኞች አንዱን የነካ፣ ቅጠሉን የበጠሰ፣ አጥሩን የነቀነቀ፣ ከአጥሩ አልፎ እግሩን ያስገባ፣ ትንሽ ይሁን ትልቅ፣ ሴት ይሁን ወንድ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝቻለሁ! ውጉዝ ከመ አርዮስ!”

ገብስ የሚሰፍረው ሰውዬ እጁ ቁናው ላይ ቀረ። ከአጥሩ ውስጥ የነበረው ሙክት እንኳ ማኘኩን ትቶ በራሱ ጊዜ ወጣ፤ ይህን ትርሲትም ትመሰክራለች። መምሬ ከበርጩማው ወረዱ፣ ቁጣቸው በረደ፣ የጌታነሽን ራስ በመስቀል ባረኩ፣ ሄዱ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ስንቃቸውን ይዘው፣ በየገዳሙ እየተሳለሙ በእግራቸው ወደ ላሊበላ ለልደት በዓል ጉዞ ጀመሩ።

ያን ዕለት ጠዋት ጌታነሽ እንደ ልማዷ ሁለት ጀሪካኗን ይዛ መጣች። እጇን ወደ አጥሩ በር ሰደደች፤ ከዚያ እንደቆመች ቀረች።

“ምነው?” አልኳት።

“ገዝተዋል” አለችኝ።

“ሌባውን እኮ ነው የገዘቱት። አንቺን ምን አገባሽ?”

“ሌባ አላሉም። ‘የነካ’ ነው ያሉት። ‘እግሩን ያስገባ’ ብለዋል። ‘ሴት ይሁን ወንድ’ ብለዋል። አንተም ሰምተሃል።”

ሰምቻለሁ። በርጩማው የኔ ነበር።

ሌላ አገር ያለ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቅ ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ግዝት ሲሆን ደግሞ ከአፋፉም ወዲያ ነው። አባቴ በተገዘተ ድንበር ላይ የበቀለ አንድ ዘለላ ገብስ እያየ፣ ያውም በችግር ዘመን፣ ሳያጭደው ሲያልፍ አይቻለሁ። ጌታነሽ ጀሪካኖቿን እንደያዘች ወደ ደብሩ አለቃ ሄደች። አለቃው አዘኑላት፤ መልሳቸው ግን አጭር ነበር፤ “የገዘተ ይፍታ። ያለዚያ ጳጳስ ነው።” መምሬ ሞባይል የላቸውም። ወደ ወሎ የሚሄድ ሹፌርና ተሳላሚ ሁሉ አደራ ተባለ። በኋላ እንደሰማነው መልእክቱ በሰው በሰው አልፎ ላሊበላ ሲደርስ “ነፋስ በር ላይ ዛፍ ወድቆ ሰው ገደለ” ሆኖ ነበር። መምሬም “እኛ አገር ሰው የሚገድል ዛፍ የለም” ብለው ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ።

ኅዳር አለቀ። ፀሐዩ ቀን ይጠብሳል፣ ውርጩ ሌሊት ይልሳል፣ ነፋሱ የተረፈውን ይጠርጋል። ጌታነሽ ዝም ብላ የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም። ከቦኖው ሥር የሚፈሰውን ትርፍ ውሃ በቦይ መርታ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆፍራ፣ እስከ አጥሩ አፍ አደረሰችው። “እጄን እንጂ ውሃውን አልገዘቱትም” አለች። ውሃው በራሱ ጊዜ ገብቶ ቁልቁል ወረደ። ከላይ ያሉት ሃያ አምስቱ ጠጡ። ከታች፣ በእኔ በኩል ያሉት አሥራ አራቱ ጋ ግን ሳይደርስ መሬቱ ዋጠው።

ስለዚህ የሚደርቁት እኔ ፊት ለፊት ነበር። ቀና ባልኩ ቁጥር አያቸዋለሁ። አንደኛው ኮሶ ባርኔጣውን ነፋስ ጣለበት። ባርኔጣው እዚያው ከአጥሩ ውስጥ ወድቋል፤ ኮሶው ራቁቱን ቆሞ ጫፉን ውርጭ አቃጠለው። ጌታነሽ ጠዋት ጠዋት ትመጣና ከአጥሩ ውጭ ትቆማለች። እጇ ወደ ባርኔጣው ይሄዳል፣ ትመልሰዋለች፤ ይሄዳል፣ ትመልሰዋለች። ኋላ ሁለቱንም እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ መቆም ጀመረች።

“ደስ ይበልህ” አለችኝ ትርሲት አንድ ቀን፣ ምሳዬን እያስቀመጠች። “ሱቅህ እየደረሰልህ ነው።”

የምስር ወጡን ገፋ አደረግኩት። ሱቅ እፈልግ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ሱቁን ያሰብኩት ጌታነሽ እንዲህ ቆማ ሳላያት ነው። ወይራዋን የበላው የኔ በግ፣ መምሬ የቆሙበት የኔ በርጩማ፣ ‘ተዝካሩ መቼ ነው’ ያልኩት እኔ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቆርቆሮ በር ከፍቼ ሸቀጥ ብደረድር ማን ይገዛኛል? እኔ ራሴ አልገዛም።

ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሥራ የተረፈ ጠንካራ ሸራ ነበረኝ። አወጣሁና ቀጭን እጅጌ አድርጌ ሰፋሁት፤ ርዝመቱ አሥር ክንድ፣ አፉ ሰፊ፣ ጫፉ ጠባብ። ስፌቱን ሁለት ጊዜ ደረብኩና ውሃ እንዳያስወጣ ሰም አሸሁት። እንዲህ ያለ እጅጌ ያለው ኮት ለብሶ የሚዞር ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም፤ በሕይወቴ ከሰፋሁት ሁሉ ግን የምኮራበት እሱ ነው። ጫፉን ረጅም የባህር ዛፍ ዘንግ ላይ አሰርኩት። ትርሲት አፉን ከፍ አድርጋ ይዛ ቆመች፣ እኔ ዘንጉን ከአጥሩ በላይ አሻግሬ ዘረጋሁ። ጌታነሽ ጀሪካኗን አንስታ ልትገለብጥ ስትል ከኋላችን ድምፅ መጣ።

“ቆይ! ሸራው ከነካ እናንተ ነካችሁ ማለት ነው።”

ዞር ስል መንገደኛው ሁሉ ቆሟል። የገበያ ቀን ባይሆንም ገበያ የሚያህል ሰው ነው። ክርክር ተነሳ። አንዱ ነፋስም ይነካቸዋል፣ ወፍም ያርፍባቸዋል፣ እነሱ ተገዝተዋል ወይ አለ። ሌላው ወፍ ክርስትና አልተነሳችም ብሎ መለሰለት። ሲፋጩ ሲፋጩ ፍርዱ በአንዲት ማር ሻጭ ሴትዮ ተገኘ፤ የሸራው ጫፍ ከችግኙም ከመሬቱም አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይቁም፣ ውሃው ከዚያ ይውረድ።

“እንዲህ ከሆነ ዝናብ ነው፤ ዝናብን ማን ገዘተው?” አለች።

ገለበጥነው። ውሃው እየተንከባለለ በእጅጌው ሄደና በኮሶው ሥር ወረደ። ደረቁ አፈር መጠጣቱ በጆሯችን ተሰማ። ጌታነሽ ሻሿን ወደ አፏ አስጠግታ አየች።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ የከተማው ሥራ ሆነ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የገብስ እጣቢ የሚያመጣ መጣ፣ የእግር ውሃውን የሚያመጣ መጣ፣ ባለ ሆቴሏ የብርጭቆ ማለቅለቂያዋን በባልዲ ላከች። ዘንጉን ለመያዝ ወረፋ ሆነ። አጥሩን ሲነቅል የነበረው ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ ግን አንድ ጠዋት ከአጥሩ ውጭ አዲስ የተጠረበ እንጨት በእስር በእስር ተቀምጦ አገኘን። ማስገባት ስለማይቻል እዚያው ተቀመጠ።

ይሁን እንጂ ውሃ ብቻውን አይበቃም። አረም አይነቀልም፣ የወደቀ ባርኔጣ አይነሳም፣ የተጣመመ አይቃናም። ጥር ሲገባ ችግኞቹ ሕይወት ነበራቸው፤ ለማያውቅ ሰው ግን የሞቱ ይመስሉ ነበር። አቶ አፈወርቅ ደግሞ የማያውቅ ሰው ነበር። ጥር ሰባት ቀን፣ ቀጠሮው ገና አምስት ቀን ሲቀረው፣ አራት የቀን ሠራተኞች አስከትሎ መጣና በአጥሩ ላይ አጮልቆ አየ።

“እነዚህ ደርቀዋል” አለ ወደ እኔ በኩል ያሉትን እያሳየ። “የጥምቀት እንግዳ ሲመጣ የደረቀ እንጨት እናሳይ? ንቀሏቸው።”

አራቱም መሬት መሬት አዩ።

“አልሰማችሁም?”

“ሰምተናል ጌታዬ” አለ አንደኛው። “ግዝቱንም ሰምተናል። እርስዎ አንዱን ይንቀሉልንና እኛ እንከተላለን።”

አቶ አፈወርቅ ሳቀ። የተማረ ሰው ነው። እጅጌውን ሰብሰብ አድርጎ እጁን ወደ አጥሩ ዘረጋ። በረንዳው ላይ ያለን ሁሉ ትንፋሻችንን ያዝን። እጁ ከአጥሩ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ። ትንሽ ቆየና ወደ ኪሱ ገባ፣ መሐረብ ይዞ ወጣ፣ ግንባሩን ጠረገ።

“መምሬ ሲመለሱ ያነሱታል” አለ። “የመንግሥት ሥራ በግዝት አይቆምም።” ይህን እያለ ግን ከአጥሩ ሁለት እርምጃ ሸሽቶ ነበር።

መምሬ ጥር ዘጠኝ ቀን ከሰዓት በኋላ እግራቸው አቧራ ለብሶ ገቡ። እኔ የታደሰ በርኖሳቸውን ላደርስ ብዬ ቤታቸው ስደርስ ጌታነሽ በር ላይ፣ አቶ አፈወርቅ መደቡ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በርኖሱ ከተሰፋ ወር አልፎት ነበር፤ ያን ቀን ያደረስኩት ወሬው ስለጎተተኝ ነው።

መምሬ ነገሩን ከእኛ ከሦስታችን ሰሙ። ቦዩን ሰሙ፣ ሸራውን ሰሙ፣ የማር ሻጯን ፍርድ ሰሙ። መጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መቱ። “አይ እኔ! አሳዳጊዋን አብሬ ገዘትኳት?”

“እንግዲህ አባታችን ያንሱልን” አለ አቶ አፈወርቅ። “ግዝቱ ይነሳና ሁሉም እንደ ልቡ ይሥራ።”

መምሬ ወደ ጌታነሽ ዞሩ። “አንቺስ ልጄ? አንቺም ይፍቱኝ ልትዪ ነው የመጣሽ?”

ጌታነሽ የመጣችው ለዚያ ነበር። በበረንዳዬ በኩል ስታልፍ ስትለማመደው ሰምቻታለሁ። አሁን ግን አቶ አፈወርቅን አየች፣ ደጅ የሚጠብቁትን እነዚያን አራት ሠራተኞች አየች። ገባት። ግዝቱ ከተነሳ የሷም እጅ ይፈታል፣ የነሱም እጅ ይፈታል።

“አባቴ፣ አይፍቱት” አለች።

“ምን?”

“እንደታሰረ ይቆይ። እኔ ከእንግዲህ ባልነካቸው ግድ የለም። ሰው በሸራ ያጠጣቸዋል። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አያቸዋለሁ። ይኑሩልኝ ብቻ።”

“ከፍሬ ያሳደግሻቸውን? ዕድሜ ልክሽን ላትነኪያቸው?”

“አዎ” አለች። ድምፅዋ ተሰበረ።

እኔ በርኖሱን አቅፌ አለቀስኩ። በርኖስ ወፍራም ነው፤ እንባ ይደብቃል። አቶ አፈወርቅ ጫማውን ሲያይ ቆየ። መምሬ መቁጠሪያቸውን ገፉና፣ “በአደባባይ ያሰርኩትን ጓዳ ውስጥ አልፈታም። ለጥምቀት እንገናኝ” ብለው አሰናበቱን።

የጥምቀት ዕለት ታቦቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ሲመለስ ያቺው መንገድ ናት መንገዱ። ሕዝቡ ነጭ ለብሶ መንገዱን ሞልቶታል፤ ሁሉም ለቤቱ የሚሆን ጸበል በጠርሙስ፣ በጀሪካን፣ በቅል ይዟል። እኛም አምስት ሊትር ይዘናል፤ ትርሲት ዓመቱን ሙሉ ለታመመ እያለች የምትቆጥበው ነው። ታቦቱ እንደ ልማዱ ከበረንዳዬ ከፍ ብሎ ሲቆምና መዘምራኑ ወረብ ሲጀምሩ መምሬ መጡ።

“ወዳጆ፣ በርጩማህ የታለ?” አሉ።

አቀረብኩላቸው። ወረቡ ሲያበቃ ቆሙበት።

“ስሙኝ!” አሉ። “እዚህ ላይ ቆሜ ስገዝት ተቆጥቼ ነበር። ሌባውን አየሁ፣ አሳዳጊዋን ሳላይ ቀረሁ። ለዚህ ቀኖናዬን ራሴ ወስኛለሁ፤ አርባ ቀን ውሃ እቀዳለሁ። ግዝቱን ግን አላነሳሁትም!”

አቶ አፈወርቅ አሳለው።

“አላነሳሁትም። ነገር ግን ውሃ ይዞ የቀረበ እጅ ፍቱሕ ነው። ሊያጠጣና ሊንከባከብ የገባ እግር ፍቱሕ ነው። ባዶውን የመጣ እጅ እንደታሰረ ነው! ጌታነሽ፣ ልጄ፣ ግቢ።”

ሁሉም መንገድ ለቀቀላት። ጌታነሽ ግን አልተንቀሳቀሰችም። እጆቿን ዘርግታ አሳየቻቸው። ሕዝብ ሁሉ ውሃ በያዘበት በዚያ ቀን፣ ይህን ሁሉ ዓመት ውሃ ስትሸከም የኖረችው ጌታነሽ ባዶ እጇን ነበር። ግዝቱ እንደማይፈታ ቆርጣ ነው የመጣችው፤ ጀሪካን ለምን ትይዛለች?

ትርሲት በክርኗ ጎሸመችኝ። መጎሸም እንኳ አያስፈልገኝም ነበር። አምስቱን ሊትር ሰጠኋት።

በሩን ከፍታ ገባች። በቀጥታ ወደዚያ ጫፉን ውርጭ ወዳቃጠለው ኮሶ ሄደች። ውሃውን ቀስ አድርጋ በሥሩ አፈሰሰች። የወደቀውን ባርኔጣ አንስታ፣ አራግፋ፣ በችካሉ ላይ መለሰችለት። ከዚያ በሁለት ጣቷ አንዲት ቅጠል ያዘች። ያዘቻት፣ አልለቀቀቻትም። ካልነካቻቸው አርባ ዘጠኝ ቀን ሆኗት ነበር። መጀመሪያ እልል ያለችው ትርሲት ናት፤ ከዚያ መንገዱ ሁሉ ተቀበላት።

ሰው በየጠርሙሱ እየተጋፋ ገባ። አቶ አፈወርቅ ብቻውን ቆሞ ቀረ። ትርሲት ከአንዷ ጎረቤት ጠርሙስ ነጠቀችና እጁ ላይ አኖረችለት። “ይያዙ አቶ አፈወርቅ። ባዶ እጅ ለእርስዎ አይሆንም።” ዞር ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ገባና አንዱን ጥድ አጠጣ፤ ግማሹን ጫማው ላይ አፈሰሰው። ጎንበስ ብሎ ግንዱን በጥፍሩ ጫር አደረገና፣ “አረንጓዴ ነው!” አለ ጮክ ብሎ፣ እሱ ያገኘው ይመስል። በሕዝብ ፊት ያጠጡትን ችግኝ በማግስቱ ማስነቀል ለማንም ይከብዳል። በማግስቱ ከመዝገቡ ጋር መጥቶ አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ሠላሳ ዘጠኙም ነበሩ። ሱቆቹ ከመናኸሪያው ጀርባ ተሠሩ። ለእኔም አንድ ደረሰኝና ሦስት ወር ሞከርኩት፤ ጣሪያውን ነፋስ ሲወስደው ወደ በረንዳዬ ተመለስኩ።

መምሬ አርባ ቀናቸውን ጨርሰውም ውሃ መቅዳቱን አላቆሙም፤ “ለመድኩት” አሉ። ዛሬ ጥዶቹ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ናቸው። ነፋሱ አሁንም ይመጣል፣ ግን ደክሞት ይመጣል፤ ሱሪ መውሰድ ትቷል። ግዝቱ ደግሞ እንደጸና ነው። ከመሐል ሜዳ የመጣ መንገደኛ አውቶብስ ሲጠብቅ ጥላው ሥር ሊቀመጥ ሲል አንዱ ይጠራውና፣ “ውሃህስ?” ይለዋል። ሰውየው ግራ ገብቶት ከላስቲክ ጠርሙሱ ትንሽ ያፈሳል፣ ከዚያ ይቀመጣል።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ጌታነሽ በፌስታል የያዘችውን አንድ የወይራ ችግኝ አምጥታ ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጠችው። ከበረንዳዬ ፊት ለፊት የነበረው አርባኛው ጉድጓድ ባዶውን ነበር።

“ይህ የበግህ ነው” አለችኝ። “ተነስና ትከል።”

ተነሳሁ፤ መንገዱን ተሻገርኩ፤ የአጥሩን በር ልከፍት እጄን ሰደድኩ።

“ውሃህስ?” አለችኝ።

ሮጬ ተመልሼ ጆጉን ይዤ መጣሁ። ተንበርክኬ ተከልኩ፣ አጠጣሁ። ስነሳ የድሮ አመሌ መጣብኝና፣ “ጌታነሽ፣ ክርስትናው መቼ ነው?” አልኳት።

ያቺ ቀልድ የማይገባት ሴት ሳቀች። ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። “ዛሬ ነዋ” አለች። “የክርስትና አባቱም አንተ ነህ፤ እንግዲህ ልጅህን አጠጣ።”

ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ወይራ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ዘንድሮ ጌታነሽን በአንድ ስንዝር በለጣት። ዛሬም ጠዋት አጠጥቼው ነው ወደ ስፌቴ የተቀመጥኩት።